ነጠላዬን የበላው ካምቢዮ

ካርቱም ተራራ የላትም። ከዴም ተነስቶ ዐማራትን አቋርጦ ካርቱም ሁለት እስኪደረስ መሬቱ ልሙጥ ነው፤ ዳገት ያማረው ሰው ወይ ድልድይ ላይ መውጣት ወይ አገሩ መግባት አለበት። እኔ ደግሞ በዚህች ከተማ የምነዳው የተራራ ብስክሌት ነበር፤ ጎማው ወፍራም፣ ፊቱ በሞላ የሚነጥር፣ ካምቢዮው ብዙ። ይህ ያልገባኝ መስሏቸው ሊያስረዱኝ የሚፈልጉ ሰዎች በየመንገዱ ነበሩ። «ያ ሐበሺያ፣ ተራራው የታለ?» ይሉኛል። «ከአገሬ ይዤው መጥቻለሁ» እላቸውና አልፋለሁ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ባሕር ዳርም ሜዳ ናት፤ ይህን ግን ለእነሱ የመንገር ግዴታ የለብኝም።

ይህን የምጽፈው ጦርነቱ ሁላችንንም ከበተነን በኋላ ነው። ስለ ጦርነቱ የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔ የማወራው ስለ ብስክሌቴ ነው።

ብስክሌቱን የተወልኝ ዐማራት ውስጥ ምግብ የማበስልለት ኸዋጃ ነው፤ ሱዳኖች ፈረንጁን እንዲያ ይሉታል። አገሩ ሲገባ ልብሱን ለዘበኛው፣ ብስክሌቱን ለእኔ ሰጠ። ዘበኛው «ተሳስቶ ነው፣ እንለዋወጥ» አለኝ። የወንድ ሸሚዝ ምን ያደርግልኛል? እዚያው ፊቱ ኮርቻው ላይ ወጥቼ ከግቢው ወጣሁ። ባሕር ዳር ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ዘወር ብሎ የሚያያት የለም፤ ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም በእሱ ነው። ካርቱም ግን ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያየኝ ነበር። እኔም መልሼ አየዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ውስጥ ነዳጅ ጠፋ። ከየማደያው የሚጀምረው የመኪና ሰልፍ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ ሃፍላ የምንለው ሚኒባስ ሲገኝም ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ጠዋት ዐማራት አንድ ቤት፣ ከሰዓት ካርቱም ሁለት አንድ ምግብ ቤት እሠራ ነበር፤ ማደሪያዬ ደግሞ ዴም። በዚያ ፀሐይ ይህን ሁሉ በእግሩ እሄዳለሁ ያለ ሰው አናቱ ይፈላል። የማውቃቸው ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ሲለምኑ እኔ በአጠገባቸው ሽው እላለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ዴም ውስጥ የማርያም ጽዋ ማኅበር ነበረን። ሁላችንም ሴቶች ነን፣ ሁላችንም ሰው ቤት ወይ ሻይ ቤት የምንሠራ። በየወሩ ማርያም ቀን አንዷ ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከጽዋው ሁላችንም እንቀምሳለን። ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል፤ እሷም የዚያኑ ቀን ይዛው ቤቷ ትገባለች። ጠላ በዚያ አገር ፖሊስ ስለሚያመጣ ጽዋችን የሚሞላው በከርከዴ ነው፤ ሱዳን ሁሉ ከሚጠጣው ከዚያ ቀይ የአበባ ጭማቂ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ ካርቱም ውስጥ ያረጁ ሴትዮ ናቸው። እኔ እማማ ነው የምላቸው። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ወባ ሲጥለኝ ያስታመሙኝ እሳቸው ነበሩ፤ ሾርባውን በማንኪያ፣ ስድቡን በአካፋ። ስለዚህ ሲቆጡኝ እሰማለሁ። ብስክሌቱን ግን ገና ከመጀመሪያው አልወደዱትም። «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ…» ይሉና ይተዉታል፤ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሰውት አያውቁም።

አንድ የማርያም ቀን በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ረጅም ቀሚስ ለብሼ ነጠላዬን ደርቤ ነበር። በሌላ ቀን ሱሪ ስለምለብስ ይህን አላሰብኩበትም። ነፋስ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስደርስ የነጠላዬ ጥለት ወደ ኋላ ጎማ ሄደ፣ ካቴናው ያዘው፣ ይዞትም ካምቢዮው ውስጥ ገባ። አንገቴን ዙሮ ስለነበር ሊያንቀኝ ምንም አልቀረውም። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ፤ ለቅዳሴ የሚገባው ሰው ሁሉ ከቦኛል። አንዲት ሴት ቀሚሴን ወደ ታች ለመጎተት ትሯሯጣለች፤ ክርኔ ሲደማ ያየ ግን የለም። ካምቢዮው ከቦታው ተገንጥሎ ካቴናው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ነጠላዬ በግራሶ ጠቁሮ ጥርሶቹ መሐል ተሰንቅሯል። በምላጭ ቆርጠው አላቀቁኝ።

እማማ ከሰው መሐል ብቅ አሉ። መጀመሪያ እጄንና እግሬን ዳበሱ። የተሰበረ አጥንት አለመኖሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አየሽ? እመቤቴ ራሷ አወረደችሽ።»

«ነፋስ ነው፣ እማማ።»

«ነፋሱን ማን ላከው?»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ማኅበሩ ላይ ፍርዴን ሰማሁ። በሚቀጥለው ወር ጽዋውን የምረከበው እኔ ነበርኩ። የራሴን ክፍል ከተከራየሁ ጀምሮ ይህን ስጠብቅ ቆይቻለሁ፤ ካርቱም ስመጣ የማድረው የሰው ምንጣፍ ላይ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሰው በእኔ ደጃፍ ጫማውን አውልቆ እንዲገባ፣ በእኔ ዳቦ ላይ እንዲጸለይ እፈልጋለሁ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ተናገሩ።

«ጽዋ በዐጀላ አይሄድም። በሚመጣው ወር ያለዚያ ብረት ከመጣሽ ትወስጃለሽ። ይዘሽው ከመጣሽ ተራሽ ያልፋል። ኸላስ።»

ዐጀላ ማለት ብስክሌት ነው፤ ኸላስ ማለት ደግሞ ክርክር የለም ማለት ነው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ የአክስቷ ልጅ ሊገዛው እንደሚፈልግ ነገረችኝ፤ የወደቅሁት ጠዋት ነው፣ ገዥ የተገኘው ከሰዓት። ወደ እማማ ዞርኩ።

«እማማ፣ በጽዋዋ ከርከዴ ሲጠጣ ያልተቆጣች እመቤቴ ብስክሌት ስታይ ነው የምትቆጣው?»

አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እማማ ግን አልሳቁም፤ «ሳይጫር የተረፈው አፍሽ ብቻ ነው» አሉኝ።

ብስክሌቱን ተሸክሜ ቤቴ ስገባ የምፈልገውን አውቄ ነበር። ጽዋውንም እፈልጋለሁ፣ ብስክሌቱንም እፈልጋለሁ፤ አንዱን በሌላው አልለውጥም።

ዴም ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነበር። የተገነጠለውን ካምቢዮ አገላብጦ አየና «ማፊ ኢስቢር» አለኝ፤ መለዋወጫ የለም ማለቱ ነው። በዚህ ልክ ነበር። የተሰበረው ካምቢዮው የሚታሰርበት ትንሽ የአሉሚኒየም ጆሮ ነው። የእነዚህ ብስክሌቶች ጆሮ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ የእኔን የሠሩት ሰዎች ደግሞ ካርቱም የምትባል ከተማ መኖሯንም እንጃ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ግን አንዱም ልክ አልነበረም። ካምቢዮውን ጥለን፣ ካቴናውን አሳጥረን፣ አንድ ጥርስ ላይ እናስረዋለን አለ። ይላላል አልኩት። በተራ ብስክሌት የኋላ ጎማው ወደ ኋላ ተስቦ ካቴናውን ይወጥራል፤ በእኔው ግን የጎማው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ቁልቁል ስለሆነ የሚሳብ ነገር የለም።

«ያ ኡኽቲ፣ ጠጋኙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

አሰረው። ዐማራት እስክደርስ ካቴናው በየመንገዱ ወለቀ፤ ሥራ ገብቼ ሽንኩርት ከመንካቴ በፊት እጄን በሳሙናና በአሸዋ ስፈትግ ቆየሁ። ወደ ጠጋኙ ተመልሼ ስሄድ ጥፋተኛው ብስክሌቱ ሆነ። ሽጪውና ይህን ውሰጂ ብሎ ፊቱ ላይ ዘንቢል ያለው ሮዝ የሴት ብስክሌት አሳየኝ። ሮዙን አየሁት፣ ሰውየውን አየሁት፤ ከዚያ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ከሣጥኑ ላይ አንስቼ «እስከ ነገ ከእኔ ጋር ይቆዩ» አልኩት። ከመገረሙ የተነሳ ዝም ብሎ ሰጠኝ።

ዕቃ መምረጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ስልኬ ላይ ብስክሌት የሚያሻሽሉ ሰዎችን ቪዲዮ አያለሁ። የሚያወሩት ሁሉ ስለ ክብደት ነው፤ ይህ ከዚያኛው ይቀላል፣ ያኛው ከሁሉም ይቀላል። በእነሱ አገር አቧራ የለም መሰለኝ። እኛ ጋ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ቀኑ ይጨልማል፣ ካቴናው ላይ ያለው ዘይት ከአቧራው ጋር ይቦካና ጥርሱን ሞርዶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የራሴን ሕግ አወጣሁ፤ ዴም ውስጥ የማይገኝና ዴም ውስጥ የማይጠገን ዕቃ ብስክሌቴ ላይ አይቀመጥም። የቪዲዮዎቹ ሰዎች ይህን ማሻሻል አይሉትም። እኔ እለዋለሁ።

ከፍሬኑ ጀመርኩ። በዘይት የሚሠራ ነበር፤ ዘይቱ ቀስ በቀስ አፈትልኮ እጀታው ሲጨመቅ ልምጥ ከማለት በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረም። ገበያ ውስጥ የብስክሌት ዕቃ የሚሸጡት ሰዎች የመኪና የፍሬን ዘይት እንሙላልሽ አሉ። የመኪናው ዘይት የዚህን ፍሬን ጎሚኒ እንደሚያሳብጠው አንብቤ ስለነበር አሻፈረኝ አልኩ። ቱቦውንም፣ እጀታውንም፣ መንከሻውንም ነቅዬ በሽቦ የሚሳበውን ዓይነት ገጠምኩ፤ ጎማው ላይ ያለው ሳህን የድሮው ቀረ። ሻጩ «ሰው ከመጥፎ ወደ ጥሩ ይሄዳል፣ አንቺ ከጥሩ ወደ መጥፎ» አለኝ። ሽቦ ቢበጠስ ከየትኛውም ሱቅ ሌላ ገዝቼ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እቀይረዋለሁ፤ የእሱን ጥሩ ግን የት ወስጄ ነው የማስጠግነው?

የፊት ሞላውን ከአቧራ ለማዳን ያረጀ ከመነዳሪ ቆርጬ እግሮቹ ላይ እንደ ካልሲ አጠለቅሁለት። ሌላውን ቁራጭ ጎማው ውስጥ አነጠፍኩት፤ የዴም ጓሮ መንገድ እሾኹ ብዙ ነው። እንዲህ እያልኩ በየዕረፍቴ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስፈታና ሳስር የሚያልፈው ሁሉ ምክሩን ይሰጠኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የካምቢዮው ነገር ግን አስጨነቀኝ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉትን የልጆች ብስክሌቶች ሳይ ቆምኩ። ርካሽ ብስክሌት የራሱ ጆሮ የለውም፤ ካምቢዮው የሚታሰረው ከጎማው ዘንግ አጠገብ በዳዶ በሚጠፈነግ ቁራጭ ብረት ነው። ቁራጩን ከነርካሹ ካምቢዮ ገዛሁ። ሻጩ ለማን እንደሆነ ሲሰማ ጎረቤቱን ጠርቶ አብረው ሳቁብኝ፤ የኸዋጃ ብስክሌት ላይ የሕፃን ዕቃ! ቤቴ ወስጄ ስለካው አልገባም። በሞረድ ሞረድኩት፣ አሁንም አልገባም፣ እንደገና ሞረድኩት። አውራ ጣቴ ተላጠ። በመጨረሻ ገብቶ ዳዶውን ሳጠብቀው፣ ፔዳሉን በእጄ ሳዞረው፣ ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲዘል ብቻዬን ጮኽኩ። ዳር ያሉት ጥርሶች አይሠሩም፤ መሐሎቹ ይሠራሉ። ለካርቱም መሐሉ ይበቃል።

የቀረው ነጠላው ነበር። እማማ አንድ እውነት ተናግረዋል፤ ነጠላና የኋላ ጎማ አይስማሙም። ሰው ሁሉ ታዲያ ከሁለቱ አንዱን እንድተው ይመክረኛል። ለምን እተዋለሁ? ጎማው ይሸፈን። ሱዳኖች ዐንገረብ የሚሉት አልጋ የሚጠለፍበትን የፕላስቲክ ገመድ ገዛሁና፣ ከፓራፋንጎው እስከ ዘንጉ ድረስ እየወጠርኩ ጎማውን በግራም በቀኝም እንደ ወንፊት ጠለፍኩት፤ አንድ ረድፍ ቀይ፣ አንድ ረድፍ አረንጓዴ። በካቴናው በኩል የሰሊጥ ዘይት ቆርቆሮ ቀድጄ ጋረድኩት። ከዚያ ብስክሌቱን ገልብጬ ጎማውን በኃይል አዞርኩና ያንን የተቀደደ ነጠላዬን ወረወርኩበት። ገመዱን ነክቶ ተንሸራተተ። ደጋግሜ ወረወርኩ፤ አልያዘም። ጠጋኙ የዘገየበትን ካቻቢቴ ሊወስድ መጥቶ ይህን አየና «ዐጀላሽ ዐንገረብ ሆነ፣ ተኚበት» አለኝ። ደስታዬን ሊያበላሽ አልቻለም።

የማርያም ቀን ደረሰ። ማኅበሩ የተሰበሰበው ካርቱም ሁለት፣ አንዲት አባላችን ከምትሠራበት ሕንፃ ኋላ ባለች ክፍል ነበር። አዲስ ነጠላ ለብሼ፣ ጥለቱን እንደ ልቡ ለቅቄ፣ እየነዳሁ መጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ደወሉንም ደወልኩ፤ ነገር ፍለጋ ነው እንጂ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ገባሁ። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ከርከዴው ዞረ። ጽዋው በነጩ ጨርቅ ተጠቅልሎ እማማ ጭን ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸውም ተራው የማን እንደሆነ እንደጠፋው ሰው ዙሪያውን ያያሉ።

ወደ ሌላዋ ቢያሳልፉት የማልችለው መሰለኝ።

«ተራው የእኔ ነው» አልኩ።

«ዐጀላሽስ?»

«ውጭ ቆሟል።»

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ። ጽዋውን ካልሰጡኝ አለቅሳለሁ፤ እያለቀስኩ በብስክሌቴ ቤቴ እገባለሁ። ከሰጡኝም የምገባው በብስክሌቴ ነው።»

ሴቶቹ ወለሉን አዩ። እማማ ጽዋውን አቅፈው ተነሡ።

«ጽዋ በዐጀላ አይሄድም ብያለሁ፣ አይሄድምም። በእግሬ ይዤው እሄዳለሁ። በርሽ ላይ ትረከቢያለሽ። ቀድመሽኝ ከሄድሽ ግን ከመንገድ እመለሳለሁ፤ ወላሂ እመለሳለሁ።»

«አልቀድምዎትም» አልኩ።

በእግሬ እከተላለሁ ግን አላልኩም። እማማ ከፊት፣ ሴቶቹ በለሆሳስ እየዘመሩ ከኋላ፣ እኔ ኮርቻዬ ላይ በጎናቸው ሆነን ወደ ዴም ጉዞ ጀመርን።

ብስክሌት በአሮጊት እርምጃ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። መፍጠን ማንም ይችላል፤ መንቀርፈፍ ነው ሥራው። መሪው ወደ ግራ ይጥላል፣ ወደ ቀኝ ይጥላል፤ ፍሬኑን ጨብጠው ፔዳሉን በመጠኑ ሲረግጡ ነው ሚዛኑ የሚገኘው። የሽቦ ፍሬኔ ያዝ ስለው ያዘ፣ ልቀቅ ስለው ለቀቀ። የሕፃኑ ካምቢዮ እዚያ መሐል ጥርስ ላይ ተቀምጦ አንዴም አልዘለለብኝም። እማማ ይህን ያዩ ነበር። ይበልጥ ቀሰስ አሉ። እኔም ቀሰስ አልኩ። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት አገኙና ቆመው ከነቤተሰቧ፣ ከነጎረቤቷ ሰላም ይሏት ጀመር፤ ሌላ ቀን በእጃቸው ብቻ ነው ሰላም የሚሏት። የፊት ጎማዬን አጣምሜ፣ ፍሬኑን ይዤ፣ ባለሁበት ተንቀጠቀጥኩ። ጭኔ ተቃጠለ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ እጄን አንስቼ ልጠርገው አልቻልኩም። ነፋሱ ነጠላዬን ወደ ኋላ ወሰደው፣ ገመዱ መለሰው፤ አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ ጮኸችና ምንም አለመሆኔን አይታ መዝሙሩን ቀጠለች።

የነዳጁ ሰልፍ ጋ ስንደርስ በር ከፍተው መኪናቸው ውስጥ የተጋደሙት ወንዶች ቀና ቀና አሉ። ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ ጥቅልል ያቀፉ አሮጊት፣ በጎናቸው ልትወድቅ ልትወድቅ የምትል ባለብስክሌት። «ያላ ያ ሐበሺያ!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ። እማማ ዞር ብለው ሲያፈጡባቸው ጭብጨባው ቆመ። እኔን ግን ውረጂ አላሉኝም። በቀረው መንገድም አላሉኝም።

ደጃፌ ላይ ቆሙ። ጉልበታቸውን እያሹ መጀመሪያ የተጠለፈውን ጎማ፣ ከዚያ ፔዳሉ ላይ ያሉትን እግሮቼን አዩ።

«አንድ ጊዜ እንኳ እግርሽን መሬት አላስነካሽም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር አያስታውቅም።

«አላስነካሁም።»

ከዚያ ወረድኩ። ብስክሌቱን በሩ ላይ አስደገፍኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ተንበረከክሁና ሁለት እጆቼን ዘረጋሁ።

«ለጽዋው ነው የወረድኩት፣ እማማ። ለእርስዎ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያላ ያዢ፣ ክንዴ ዛለ።»